ሁለት ሩብ ወንበር

መርከበኛ አይደለሁም። ዋናም አልችልም። ተወልጄ ያደግሁት ቢቸና ነው። ይህ ታሪክ እስከደረሰብኝ ድረስ ከጠላ ጋን የሰፋ ውኃ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ እሱም አባይን፣ ያውም ከገደሉ አፋፍ በሆዴ ተኝቼ። ይሁን እንጂ፣ አንባቢዎቼ ሆይ፣ የጀልባ መቀመጫ ሠርቻለሁ። አንድ ሳይሆን ሁለት! በእነዚያ ሁለት መቀመጫዎች የተነሣ ሚስቴንም አንገቴንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ላጣ ነበር። ልጆቼ ታሪኩን ንገረን ባሉኝ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየጨመርኩ እዚህ ደርሻለሁ። ለእናንተ ግን ያልተጨመረበትን እጽፋለሁ። ጨመርኩ ቢባል እንኳ ከአንድ እፍኝ አይበልጥም።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ወደ ማብቂያው ገደማ ነው። እኔ ያኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ሙሉዓለም አናጢው ይሉኛል። በር፣ አልጋ፣ የሬሣ ሳጥን እሠራለሁ፤ ስሜ የተጠራው ግን በበርጩማ ነው። ባለ ሦስት እግሯ በርጩማዬ በየትኛውም ጎርባጣ መሬት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። «ከኔ በርጩማ የወደቀ ሰው ካለ የጣለው ጠላው ነው» እያልኩ እኩራራ ነበር።

ሁለት ነገሮችን አስቀድማችሁ እወቁልኝ። አንደኛው፣ በዚያ ዓመት አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ መሬት ልኬታ ነበር። መንግሥት ርስታችንን ሊያስለካ ነው፣ የተለካ መሬት ደግሞ የባለቤቱ ሆኖ አይቀርም ተብሎ ሰው ሁሉ ዓይኑን አፍጥጦ ያድር ነበር። ገመድ የያዘ ሰው ከታየ አለቀለት። በሬውን ሊያስር የሚሄድ ገበሬ እንኳ «የበሬ ነው! የበሬ ነው!» እያለ እየጮኸ ነበር የሚያልፈው።

ሁለተኛው ጥሩወርቅ ናት። የግራዝማች አድማሱ ልጅ። ግራዝማች ትልቅ ባለርስት፣ ምንሽር ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው የማያወርዱ፣ ሲያስነጥሱ ውሻ ሁሉ ዝም የሚልላቸው ሰው ነበሩ። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኬባቸው ሁለት ጊዜ «እናስብበት» ብለዋል። በመጪው እሑድ ለሦስተኛ ጊዜ ሽማግሌዎቼ ሲቀርቡ የመጨረሻ ቃላቸውን ሊሰጡ ተቀጥሯል። ከእሑድ በፊት ስሜ በክፉ እንዳይነሣ እንኳን ሰው ዶሮም አላስቀየምኩም።

የዚያው ሳምንት ሰኞ ረፋድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ደጃፌ ቆመ። ከጋቢናው አንድ ፈረንጅ ወረደ። ቁመቱ! እግሩ መሬት ከደረሰ በኋላም ጭንቅላቱ ገና ጋቢናው ውስጥ ነበር። ሞጣ የሚያስተምር መምህር ነው፤ ሚስተር ሮበርት ይባላል።

«አንተ አቶ ሙሉዓለም ነህ?»

«ነኝ። ምን ልታዘዝ?»

«መቀመጫ እፈልጋለሁ። ሁለት።»

«ሁለት ቀርቶ ሃያ!» ብዬ በርጩማዬን ጎተትኩለት።

«እንደዚህ አይደለም» አለና ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ መላጊያ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው።

አየሁት። አዞርኩት። ገልብጬም አየሁት። ሥዕሉ ላይ ያለው ሙሉ ወንበር አይደለም። ድፎ ዳቦ ከአራት ቆርጣችሁ አንዱን ቁራሽ ብታነሡ፣ እሱን ነው የሚመስለው፤ አንድ ጎኑ ክብ፣ ሁለት ጎኑ ቀጥ ያለ። ጣውላው እርስ በርሱ አይገጥምም፤ በየመካከሉ ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት አለው። ከሥሩ ደግሞ አንዲት እግር ብቻ ተንጠልጥላለች።

«ሌሎቹ እግሮች የታሉ?»

«ሌላ የለም። አንድ ብቻ ነው። ይኸኛው ክቡ ጠርዝ በብረት ይያዛል።»

«በየትኛው ብረት?»

«በጀልባው። ጀልባው ከኋላው ዙሪያውን ብረት አለው፣ ሰው ውኃ ውስጥ እንዳይወድቅ። መቀመጫው እዚያ ማዕዘን ላይ ነው፤ በቀኝ አንድ፣ በግራ አንድ።»

«ጀልባው የት ነው ያለው?»

«ሞጣ።»

ሞጣን አውቃታለሁ። ሞጣ ያለው ትልቁ ውኃ በርሜል ውስጥ የተቀመጠው ነው።

«ሞጣ ውስጥ ምን ውኃ አለና ነው ጀልባ የሚሠሩት?»

«ውኃ የለም» አለ ሳያፍር። «ግቢዬ ውስጥ ሠርቼ በመኪና ጣና እወስደዋለሁ። በነፋስ ነው የሚሄደው።»

ኖኅም መርከቡን የሠራው በደረቅ መሬት ነው፣ እሱን አልካድኩም። ኖኅ ግን ከላይ ታዝዞ ነው። ይህ ሰውዬ ከቁምጣው በስተቀር ምንም የያዘው ነገር የለም። በዚያች ቅጽበት ጥርጣሬ ሆዴ ውስጥ ገብታ ነጠላዋን አውልቃ ተቀመጠች።

«ክፍተቱስ ለምንድነው?»

«ውኃ እንዲወርድ።»

«መቀመጫ ላይ?»

«አዎ።»

«እሺ፣ ማን ነው የሚቀመጥበት?»

«ሁለት ሰዎች። ከፍ ብለው ይቀመጣሉ። አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ። ከዚያ ሁሉም ነገር ይታያል» አለና ሁለት እጁን ዘርግቶ ቢቸናን በሙሉ አሳየኝ።

«ለምን ሞጣ አላሠሩትም?»

«ሦስት አናጢዎች ጠየቅሁ። ሦስቱም እምቢ አሉኝ።»

«ለምን?»

ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ፈረንጁ «በአሥር ቀን እመለሳለሁ!» ብሎ ጋቢናው ውስጥ ታጠፈ፣ መኪናው ሄደ፣ እኔ ከነወረቀቱ ቀረሁ። ሦስት አናጢ እምቢ ያለው ነገር! ሦስት!

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን የዋንዛ ጣውላ ነበረኝ፣ እጄም በልቶኛል። ያን ሰኞ ከረፋድ ጀምሮ ማክሰኞንም ሙሉ ላግኩ፣ ቆረጥኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሻሸሁ። ክቡን ጠርዝ እንደ ወረቀቱ አወጣሁት። ክፍተቱንም፣ እየከነከነኝ፣ እንደ ወረቀቱ ተውኩት። እግሩ ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። ባለ አንድ እግር መቀመጫ ከሙሉዓለም ቤት ሊወጣ? ብረት የተባለውን በዓይኔ አላየሁትም። ጀልባ የተባለውንም አላየሁትም። ነገ ሰው ተቀምጦበት ቢገለበጥ የሚሳቀው በማን ነው? በፈረንጁ ነው? ለማንም ሳልናገር በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት እግር ጨመርኩ። ሦስት እግር። አሁን መቀመጫ መሰለ። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና ረሳሁት።

ረቡዕ ጠዋት ጎረቤቴ ጌጡ ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ገባ። ጌጡ ሰምቶ የማያውቀውን እንኳ የሚያስታውስ ሰው ነው።

«ይሄ ምንድነው ሙሌ?»

«መቀመጫ።»

«ግማሹ የታለ?»

«ግማሽ አይደለም፣ ሩብ ነው።»

«ፈረንጅ ነው ያዘዘህ አሉ። ከሞጣ በመኪና መጥቶ። ሁለት ሆኖ ምን ይሠራለታል?»

እዚህ ላይ «ለጀልባ ነው» ብዬ ዝም ብል ኖሮ ይህን ጽሑፍ አታነቡትም ነበር። ግን ምላሴን ታውቋታላችሁ። ካላወቃችኋትም እስካሁን አውቃችኋታል። ፊቴን ኮስተር አድርጌ፣ ግራ ቀኝ አይቼ፣ ወደ ጆሮው ጠጋ አልኩና፦

«ለማንም እንዳትናገር። ሁለት ሰዎች ከፍ ብለው ይቀመጡበታል። አንዱ ቀኝ ቀኙን ያያል፣ አንዱ ግራ ግራውን ያያል። እያዩ ይጽፋሉ።»

«ምን ይጽፋሉ?»

«እሱን እንኳ ልነግርህ አልችልም» አልኩና ጥቅሻ ጣልኩለት።

እኔ ሳቄን አፍኜ ነው የቀረሁት። ጌጡ ግን ጥቅሻዋን ቤቱ አላደረሳትም። እኩለ ቀን ሳይሞላ ቢቸና ውስጥ ያላወቀ አልነበረም። ፈረንጁ ብረት አምጥቷል፤ ብረቱ ላይ ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው መሬት ይለካሉ፤ ገመድ አያስፈልጋቸውም፣ በዓይናቸው ነው የሚለኩት፤ ከሞጣ እስከ ቢቸና በአንድ ቀን ይጨርሳሉ። ክፍተቱ ደግሞ ቁልቁል መሬቱን ለማየት ነው! ይህን የመጨረሻውን ሳልሰማ ብቀር ይሻለኝ ነበር፤ ምክንያቱም እኔንም አሳመነኝ። እውነት ቁልቁል ባይታይበት ኖሮ ክፍተት ለምን ተፈለገ? ውኃ እንዲወርድ? ማንን ሊያታልል ነው?

ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ደጄን በወዲያኛው ጎን ማለፍ ጀመረ። ለአባቱ አልጋ አዞኝ የነበረ ሰው መጥቶ አባቴ መሬት ላይ መተኛት ይመርጣል አለኝ። ቀጥሎ ጥሩወርቅ ከገበያ ስትመለስ በደጄ አለፈች። አልቆመችም፤ ፊቷንም አላዞረችም። ለመንገዱ የምትናገር መስላ፦

«አባዬ ሰምቷል። መቀመጫህ የኔንም ዕድል ሳይለካው ዛሬውኑ አንድ ነገር አድርግ» አለችና ሄደች።

አንድ ነገር ከማድረጌ በፊት ግራዝማች መጡ። ሁለት ጠመንጃ የያዙ ሰዎቻቸው በሩ ላይ ቆሙ፣ እሳቸው ገብተው መጋዝ መደገፊያዬ ላይ ተቀመጡ። ምንሽራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

«አንተ ልጅ፣ ያን ነገር አምጣው።»

አመጣሁት። በአንድ ጣታቸው ገፋ አድርገው አዩት፤ የማያውቁት ከብት እንደሚነካ ሰው።

«ለምን ነው የተሠራው?»

«ለጀልባ ነው ጌታዬ።»

«ለምን አልክ?»

«ለጀልባ። ሞጣ ያለ ጀልባ።»

በሩ ላይ ከቆሙት አንዱ ሳል ቢጤ አሰማ። ግራዝማች አልሳቁም።

«ጌጡን ቀኝ ያለው ቀኙን፣ ግራ ያለው ግራውን እያየ ይጽፋል ያልከው አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ። ግን ቀልድ ነበር።»

«ቀልድ» አሉ። ቃሏን በምላሳቸው አገላብጠው እንደ መራራ የግራዋ ቅጠል ተፏት። «በአባቶቼ ርስት ነው የምትቀልደው? እንግዲያው ቀልዱን አብረን እንጨርሰው። ነገ በማለዳ እኔና አንተ ይህን ጭነን ሞጣ እንሄዳለን። ያልከው ጀልባ ካለ እሑድ ሽማግሌዎችህን አስገባለሁ። ከሌለ ከሬሣ ሳጥኖችህ አንዱን ለራስህ አስቀር።»

አንባቢዎቼ፣ በዚያ ሰዓት የከበደኝ የግራዝማች ቁጣ አልነበረም። የከበደኝ፣ ጀልባ መኖሩን እኔ ራሴ አለማመኔ ነው።

ሐሙስ ማለዳ ተነሣን። እሳቸው በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ፣ መቀመጫዎቹ በአጋሰስ ጀርባ ላይ። መኪና አይሆንም ወይ ብዬ ነበር፤ «የማይበላና የማይጠጣ ነገር ላይ አልቀመጥም» አሉኝ። በየመቶ እርምጃው ዞር ብለው ያዩኛል። እኔ ደግሞ እሳቸው ባላዩኝ ጊዜ ኪሴ ያለውን ወረቀት ሰረቅ አድርጌ አየዋለሁ። ባየሁት ቁጥር የልኬታ ካርታ እየመሰለኝ ሄደ። ከሥዕሉ ዙሪያ ያሉት ቁጥሮች ምንድናቸው? ያቺ ቀስትስ ወዴት ነው የምትጠቁመው? ወደ ቢቸና አይደለም?

ግንደወይን ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ከመንገዱ ዳር ስድስት የታጠቁ ገበሬዎች ብድግ አሉ። ቀያሽ እንዳያልፍ የሚጠብቁ ናቸው። አንደኛው፣ ጢማሙ፣ ያጋሰሱን ልጓም ያዘ።

«ደህና ዋሉ ጌታው። ጭነቱ ምንድነው?»

ጌጡ ራሱ ከኛ ቀድሞ እዚያ ባይደርስም ወሬው ግን ደርሷል። ጢማሙ ጭነቱ የተሸፈነበትን ሸማ ገለጥ አድርጎ ሩቡን መቀመጫ ሲያይ ዓይኑ ጠበበ። ሌሎቹም ተጠጉ። አንዱ ጠመንጃውን ሲያቀባብል ሰማሁ። እኔ ካጋሰሱ ኋላ ተከለልኩ።

ግራዝማች ከበቅሏቸው ላይ ሳይወርዱ፦ «የልጄ ጥሎሽ ነው» አሉ።

«ጥሎሽ?»

«ሙሽራው ይሄ ነው።» በአለንጋቸው ጠቆሙኝ።

ጢማሙ መቀመጫዎቹን አየ፣ እኔን አየ። «ሩብ ሩብ ወንበር ነው ጥሎሽ ያመጣው?»

«ድሃ ነው» አሉ ግራዝማች። «ሙሉውን አልቻለም።»

ከዚያ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ተያይዘው ሳቁ። ጢማሙ ልጓሙን ለቀቀና ትከሻዬን መታ አደረገኝ፤ «አይዞህ ሙሽራው፣ ስትወልድ ግማሽ ታደርሰዋለህ!»

ካለፍናቸው በኋላ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጌታዬ» ልል ስል ግራዝማች ሳይዞሩ፦ «ዝም በል። እነሱ ቢገድሉህ ጀልባው መኖር አለመኖሩን ሳላውቅ እቀራለሁ» አሉኝ።

ዓርብ ከሰዓት ሞጣ ገባን። ገበያው ዳር ያለ ጨርቅ ነጋዴ፣ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ፣ የፈረንጁን ቤት ጠየቅናቸው።

«መምህሩን ነው? አውቀዋለሁ» አሉና ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «አቡጀዲ በጣቃ በጣቃ ነው የሚወስድብኝ። ስንት ሰው ሞቶበት ነው ብዬ ልጠይቀው አስቤ ፈራሁ። ከዚያች ጽድ አጥር ውስጥ ነው።»

ግራዝማች አዩኝ። አቡጀዲ በጣቃ! ለጀልባ ጨርቅ ምን ያደርጋል? እሳቸውም እኔም ያንኑ አሰብን፤ ድንኳን ነው። የቀያሾች ድንኳን።

ዘበኛው በሩን ከፈተልን። ሚስተር ሮበርት ትምህርት ቤት ነው፣ አሁን ይመጣል አለን። ግቢው መካከል አንድ ትልቅ ነገር በሸራ ተሸፍኖ ተጋድሟል። ግራዝማች በምንሽራቸው አፈሙዝ ሸራውን ገለጡት። ከሥሩ የታየው ረዥም፣ ጎባጣ፣ ከጣውላ የተሠራ ነገር ነው።

«ይሄ ጣሪያ ነው» አሉ።

እውነትም ጣሪያ ነበር። ማንም ቢያየው ጣሪያ ነው የሚለው። «ጌታዬ፣ ምናልባት…» አልኩ፤ ምናልባት ምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

በዚህ መካከል ፈረንጁ ገባ። እኔን ሲያይ ጥርሱ ሁሉ ታየ። ወደ ግራዝማች ዞሮ እጁን ዘረጋና «አንተ እንዴት ነህ?» አላቸው። ግራዝማች ከተጠመቁ ወዲህ አንተ ያላቸው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ዘበኛው ዓይኑን ጨፈነ። ግራዝማች የተዘረጋውን እጅ ለረዥም ጊዜ አዩት፣ ቀጥለው ጣሪያውን በአገጫቸው አሳዩት።

«ይሄ ምንድነው?»

«ጀልባዬ! ተገልብጦ ነው። ቀለም እየደረቀ ነው። እንገልብጠው?»

የሐጂ ሰይድን ተሸካሚዎች ጠርተን፣ ለስምንት አንሥተን ገለበጥነው። ጣሪያው ጀልባ ሆነ! የሐጂ ሰይድ አቡጀዲም ነፋስ መያዣ ሆኖ ተሰፍቶ አጥሩ ሥር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከኋላው ከውኃ ቱቦ የተጠማዘዘ ብረት እንደ አጥር ዞሮታል፤ ማዕዘኖቹ ክብ ክብ ናቸው፤ ልክ እንደ ወረቀቱ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። አንዱን መቀመጫ ተሸክሜ እየሮጥኩ ሄጄ ብረቱ ላይ ላስቀምጥ ጎንበስ አልኩ።

አልገጠመም።

አዞርኩት። አልገጠመም። ክቡ ጠርዝ ብረቱ ላይ ሊያርፍ አንድ ስንዝር ተኩል ይቀረዋል። የጨመርኳቸው ሁለት እግሮች ከሥር ከጀልባው የጎን ግድግዳ ጋር ተጋጭተው ሽቅብ ይዘውታል። ሚስተር ሮበርት ጎንበስ ብሎ አየ፤ «ይህ ምንድነው?»

ግራዝማች ከኋላዬ፣ በዝግታ፣ «አልገጠመም» አሉ። ምንሽራቸው ከትከሻቸው ወርዷል። «ጀልባው አለ። መቀመጫው ግን ለዚህ አልተሠራም። ለሌላ ነገር ነው የተሠራው። ለምንድነው፣ አንተ ልጅ?»

እንግዲህ ያን ጊዜ የምቀልደው ቀልድ አልነበረኝም። ኪሴ የነበረውን ወረቀት አውጥቼ ሰጠኋቸው።

«ጌታዬ፣ ወረቀቱ አንድ እግር ነው የሚለው። ሁለቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ፈረንጁን አላመንኩትም። ብረት አለ ሲለኝ አላመንኩም፣ ጀልባ አለ ሲለኝ አላመንኩም። ሙሉዓለም ባለ አንድ እግር መቀመጫ ሠራ እንዳይባል ብዬ ነው። እናንተ ከመጠርጠራችሁ በፊት እኔ ጠርጥሬው ነበር።»

ግራዝማች ወረቀቱንና እግሮቹን አስተያዩ። አላመኑኝም። ፊታቸው ላይ አየሁት። በዚህ ጊዜ ዘበኛው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ይሄም? ይሄም ጨመረ? ጌታዬ፣ የኛዎቹ ሦስት አናጢዎች እምቢ ብለው የሄዱት ለምን ይመስልዎታል? አንዱ ሦስት እግር ካላደረግሁ አለ፣ አንዱ አራት፣ አንዱማ መደገፊያም እጨምራለሁ ብሎ ተጣላው! ሚስተር ደግሞ አንድ ብቻ ብሎ ሙጭጭ አለ!»

ግራዝማች ጀልባው አጠገብ ወደተጋደመው የፈረንጁ መጋዝ ጠቆሙ።

«ቁረጠው። ቆርጠህ ከገጠመ እውነት ነው። ካልገጠመ…» ቀሪውን አልጨረሱትም።

በሕይወቴ ብዙ እንጨት ቆርጫለሁ፤ እንደዚያ ያለ እንጨት ግን አልቆረጥኩም። አራት እግር። በእያንዳንዱ የመጋዝ ምልልስ የበርጩማ ስሜ ሲቆረጥ ይሰማኛል። መጋዙ ሁለት ጊዜ አመለጠኝ። ስጨርስ አንሥቼ ብረቱ ላይ አኖርኩት። ክቡ ጠርዝ ቱቦው ላይ ሰተት ብሎ ተኛ፤ አንዷ እግር ወለሉን ነካች። ወዘወዝኩት። ንቅንቅ የለም። ሁለተኛውም እንዲሁ።

ግራዝማች ምንሽራቸውን ለዘበኛው ሰጡና ጀልባው ላይ ወጡ። ቀኙ መቀመጫ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ካባቸውን ሰበሰቡ፤ ብረቱን ያዙ። ከጽዱ አጥር በላይ ሞጣን በሙሉ ቃኙ፤ ቆርቆሮውን፣ ገበያውን፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ማሳ።

«ከዚህ ሁሉ ይታያል» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ጥርጣሬዋ ገና አለች። «ሁለተኛው ለማን ነው?»

«ለእጮኛዬ» አለ ሚስተር ሮበርት። ጆሮው ቀላ። «ከአገሬ ትመጣለች። አባቷ ጠንካራ ሰው ነው። ‹መጀመሪያ ቤት ሥራ› ብሎ አዘዘኝ። እኔ ጀልባ ሠራሁ።»

ግራዝማች ፈረንጁን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው አዩት። «አባትየው ልክ ነው» አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን ጢማቸው ሥር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ሳቅ ነበር ብዬ ለመማል እደፍራለሁ።

«ና ውጣ፣ አንተ ልጅ። እዚያኛው ላይ ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ከጣና ብዙ መንገድ ርቀን፣ በደረቅ መሬት ላይ፣ እኔና ግራዝማች አድማሱ ፊት ለፊት ተያየን።

«ግንደወይን ላይ ምን ብዬ ነው ያሳለፍኩህ?»

«የልጄ ጥሎሽ ነው ብለው።»

«ስድስት ሰው በሰማበት ነው የተናገርኩት። እኔ ውሸታም ተብዬ አላውቅም፤ በዚህ እድሜዬም አልጀምርም። ስለዚህ ያልኩት እውነት መሆን አለበት። ለሠርግህ ሁለት ሩብ ወንበር ሠርተህ ታመጣለህ።» ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩ። «ሦስት ሦስት እግር አድርግላቸው።»

እሑድ ሽማግሌዎቼ ግቢያቸው ሲደርሱ ግራዝማች ገና ከበቅሎ እየወረዱ ነበር። ከኮርቻቸው ከረጢት ውስጥ አራቱ የተቆረጡ እግሮች ብቅ ብለዋል፤ ለማስረጃ ይዘዋቸው ነው የመጡት። ለከተማው እውነቱን እንዳለ ተናገሩ። ጌጡ ግን እውነት እንዳለች ስትቀር አይወድም። በማግስቱ የወጣው ወሬ ግራዝማች ሞጣ ድረስ ሄደው የመንግሥትን የመሬት መለኪያ እግሩን ቆርጠው መጡ የሚል ነበር። ሰው ሁሉ ያን እያለ እጅ ሲነሣቸው ግራዝማች «አይደለም» ለማለት ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከሩ፤ በኋላ ደከማቸው መሰለኝ፣ ተዉት።

ተጋባን። ሁለቱን ሩብ ወንበሮች ጎጆዬ ውስጥ ሳገባቸው ነው ያልጠበቅሁት የሆነው። በርጩማዬ ክቡ ግድግዳ ሥር ሁሌም ከኋላዋ ባዶ ቦታ ትተዋለች። ያ የጀልባ ክብ ጠርዝ ግን ከጎጆው ግድግዳ ጋር ለሱ የተሠራ ይመስል ልጥፍ አለ። ጥሩወርቅ በቀኝ፣ እኔ በግራ፣ ፊት ለፊት። ስንጣላ እንኳ ዓይን ለዓይን ከመተያየት ማምለጫ የለንም። ያየ ሁሉ አዘዘኝ፤ ቢቸና ውስጥ ሩብ ወንበር የሌለው ጎጆ ጠፋ። ያልኩትን እፍኝ እዚህ ላይ ጨምሬ ሊሆን ይችላል።

እናንተ ሆይ፣ ያ ሳምንት ምን ቀየረብህ ብትሉኝ፣ ቀልዴን አልቀየረውም። ሚስት ሰጠኝ፤ ስምንት ልጆችም፣ ሁሉም ባለ ሁለት ሁለት እግር፤ በነሱ ላይ ምንም አልጨመርኩም። አንድ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ እጄ ላይ ቀርቷል። ያን ሳምንት ሙሉ «ሰው ሁሉ ያለ ጥፋቴ ጠረጠረኝ» እያልኩ ሳለቅስ ሰነበትኩ። ቆጥሬ ሳየው ግን የመጀመሪያው ተጠራጣሪ እኔ ነበርኩ፤ ያ ሰውዬ የጠየቅሁትን ሁሉ እውነቱን መልሶልኛል፣ አንዱንም አላመንኩትም። ለሰው ደግ የሠራሁ መስሎኝ የጨመርኳቸው እግሮች ናቸው አንገቴ ላይ የቆሙት። ዛሬ ወረቀት ይዞ ለሚመጣ ሰው መጀመሪያ ማን እንደሚቀመጥበት እጠይቀዋለሁ፤ ከዚያ እንዳዘዘኝ እቆርጣለሁ።

ጀልባውስ? አንድ ቀን በጭነት መኪና፣ በሸራ ተሸፍኖ፣ ወደ ጣና ሄደ አሉ። እኔ አላየሁም። ከሠርጋችን በኋላ በሁለተኛው ዓመት ግን በሐጂ ሰይድ በኩል አንድ ፎቶግራፍ ደረሰኝ። ሚስተር ሮበርትና አንዲት ጠጉረ ረዥም ሴት በሁለቱ መቀመጫዎቼ ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ። ፎቶግራፉ ከእግራቸው በታች ተቆርጧል፤ ከኋላቸውም ነጭ ሰማይ ብቻ ነው የሚታየው። ግራዝማች ቤታችን መጥተው የኔ ወንበር ላይ ተቀመጡና መነጽራቸውን አድርገው ለረዥም ጊዜ አዩት።

«ውኃው የታለ?» አሉ።

ጥሩወርቅ ከወዲያኛው ወንበር ተነሥታ በትከሻቸው ላይ ጎንበስ አለችና በጣቷ አሳየቻቸው።

«አባዬ፣ የቀሚሷን ጫፍ አያዩትም? ርሷል እኮ።»

ግራዝማች ፎቶግራፉን ወደ ብርሃኑ አዞሩት፣ ከዓይናቸው አራቁት፣ መልሰው አቀረቡት።

«ዝናብ ይሆናላ» አሉ።